መስመሩ በእርሳስ ነበር

በር ላይ የመኪና ክላክስ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ልቤ ድው ይላል። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ «ምነው እንደ ቆቅ ትደነብሪያለሽ?» ይሉኛል። እኔም ስቄ አልፋቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ለምን ዛሬ እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ለአሁኑ ስለ አንድ ዓርብና ስለ አንድ ሰኞ ላውጋችሁ።

ያኔ ዘመሮ በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት አልፎኛል። የወደቅኩት ብቻዬን አይደለም፤ ከክፍላችን ያለፉትን በአንድ እጅ ጣት መቁጠር ይቻላል። ግን ብዙ ሆኖ መውደቅ እንጀራ አይሆንም። «ተቀመጥኩ» ስል ደግሞ ለአነጋገር ያህል ነው እንጂ እኔ መቀመጥ የሚባል ነገር አላውቅም። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን መናኸሪያ ስዞር የትም ሳልደርስ ይመሻል። እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠራ ታቀርባለች። እኔ እንዝርቱን ስይዘው ክሩ አንዴ ገመድ ያክላል፣ አንዴ ይበጠሳል። «ሂጂ ወዲያ፣ እጅሽ ላይ ጋኔን ሰፍሯል!» ብላ ትቀማኛለች።

እንዲህ ስቁነጠነጥ ነው ደላላው የመጣው። የእናቴን የሩቅ ዘመድ አውቃለሁ ብሎ ገባ፤ ቁጭ ብሎ ጠላ ጠጣ፤ ሲወጣ እኔ ዓረብ አገር ሂያጅ ሆኜ ነበር። ፓስፖርት ወጣልኝ። ሻንጣ ተገዛልኝ። «ሰኞ ጠዋት መኪና በራችሁ ላይ ይመጣል፤ ክላክስ ስትሰሚ ውጪ» አለኝ። የምሄድበትን ከተማ ስም እንኳ አጥርቶ አልነገረኝም። እናቴ ግን የጎረቤታችን ልጅ ለቤተሰቧ ያሠራችውን የቆርቆሮ ቤት በመስኮት እያየች ትመርቀኛለች። እኔ ልሂድ ወይስ ልቅር አላውቅም ነበር። የማውቀው መቀመጥ እንዳቃተኝ ብቻ ነው።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ለእሳቸው ራሴ ልንገራቸው ብዬ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ቀረብኳቸው።

«አባባ፣ ዓረብ አገር ልሄድ ነው።»

መቋሚያቸውን አነሱና መሬቱን አንዴ መታ አደረጉ። «እ-ህ» አሉ። በቃ።

«እ-ህ ምን ማለት ነው? ሂጂ ይበሉኝ፣ ወይ ቅሪ ይበሉኝ!»

ዝም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ተናድጄ ተነሥቼ ሄድኩ።

ይህችን «እ-ህ» ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ጠላቴ ነበረች። አባቴ ዳዊት ያስተማሩኝ በእሷ ነው። ንባብ ስስት ትክክሉን ነግረውኝ አያውቁም። መቋሚያው መታ ይላል፤ «እ-ህ»፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ከላይ አንሥቼ፣ የሳትኩትን ራሴ እስካገኘው ድረስ እራት ቢቀርብም ግድ የላቸውም። ግዕዝ ደግሞ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ አይደለም፤ ከየት አባቴ አምጥቼ ላርመው? ሌላውን ተማሪ እየጮኹ የሚያርሙ የኔታ እንዳሉ እሰማ ነበርና፣ «ምናለ እንደነሱ ነግረውኝ ብገላገል» እላለሁ። የማይወዱኝ ሁሉ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጓሳ ዳር አዲስ የተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ ሁለት አስጎብኚዎች እንደሚፈልግ ተወራ። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ፈረንጅ ይመጣል። ተወዳዳሪ ስለ አካባቢው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጽፎ ዓርብ ይቅረብ ተባለ። ዓርብ! መኪናው የሚመጣው ሰኞ ነው። ሥራውን ካገኘሁ እቀራለሁ፣ ካጣሁ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ሐሳቤን ለመሰብሰብ የረዳኝ ይኸው ነው።

ጽፌ ወደ ቲቸር ደረጀ ሮጥኩ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው። የራሳቸው የሚታረም የተማሪ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ እስከ አገጫቸው ተቆልሎ፣ የእኔን አስቀደሙልኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ከፈቱት። እዚህ ሰረዙ፣ እዚያ ጨመሩ፣ ሲጨርሱ ወረቀቴ በግ የታረደበት መሰለ።

«ቲቸር፣ ይህን ያህል ተሳስቻለሁ?»

«አይዞሽ፤ እንዳረምኩት አድርገሽ ገልብጪው። ሌላ ምንም አታስቢ።»

እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ ተማሪው ይሳሳታል፣ አስተማሪው ያቀናል፣ ተማሪው ቁልጭ አድርጎ ይገለብጣል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። እኔም ገለበጥኩት። የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ያምራል። ቲቸር አይተውት «አሁን ገና እንግሊዝኛ ሆነ!» አሉኝ። የማላውቃቸው ቃላት ነበሩበት፤ ቢሆንም ሲያዩአቸው ደስ ይሉ ነበር።

ዓርብ ሳይነጋ ወጣሁ። እናቴ ጋቢዋን ትከሻዬ ላይ ጣል እያደረገች፣ «ሰኞ ለምትሄጂው ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አለች። አልመለስኩላትም። እስከ መሐል ሜዳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእህል ጫኝ አይሱዙ ጋቢና ተጣብቄ ሄድኩ። ጉሙ ከመንገዱ አልነሣ ብሎ ሾፌሩ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ ነው የሚነዳው። እኔ ወረቀቴን ከጉያዬ እያወጣሁ አያለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። «እህቴ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

ማረፊያው የድንጋይ ቤት ነው። አዳራሹ ውስጥ ከመሐል ሜዳም ከቀየትም የመጡ ወጣቶች ተደርድረዋል። የምትፈትነን ወይዘሮ ራሔል የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች። እንዲህ የምጠራት በልቤ «አንቺ» እያልኩ ስለማስባት ነው እንጂ በአፌስ «እርስዎ» ነው የምላት። ወረቀቶቻችንን ሰብስባ እያነበበች በእርሳሷ ከሥር መስመር ታሰምራለች። ሌላ ምንም አትጽፍም። ከዚያ ለየባለቤቱ መለሰችና፣ «መስመር ያለበት ቦታ ስህተት አለ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እስከ ምሳ ሰዓት አስተካክላችሁ ስጡኝ» አለች። አዳራሹ አጉረመረመ።

እኔ ወረቀት አልተመለሰልኝም። ጠራችኝ።

«ያንቺ ላይ መስመር የለበትም» አለች።

ፊቴ ፈካ። ምን ያደርጋል፣ እሷ አልሳቀችም።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች። «ይሄ በአማርኛ ምን ማለት ነው?»

ቃሉ ቲቸር በቀይ ከጨመሩት አንዱ ነበር። ጣሪያውን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ።

«ይሄኛውስ?»

እሱንም አላወቅኩትም። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለች በቀስታ፤ «አንቺን ግን እዚህ ውስጥ አላገኘሁሽም። ይቅርታ፣ የኔ እህት።»

ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ደጅ ጉሙ ተገፍፎ ሣሩ እስከ ገደሉ አፋፍ ይታያል። በግቢው ከጥግ እስከ ጥግ ተመላለስኩ። በቲቸር ተናደድኩ፣ ወዲያው በራሴ ተናደድኩ፣ ከዚያ በሴትዮዋ። ስልኬ ጮኸ፤ ደላላው ነው።

«ሰኞን አልረሳሽም አይደል? ሾፌሩ አይጠብቅም።»

«አልረሳሁም።»

«ሻንጣሽ ቀላል ይሁን።»

ስልኩን ዘጋሁትና ቆምኩ። እንግሊዝኛ አለመቻሌን አልነበረም የፈራሁት። ማንም እንዳያገኘኝ ሆኜ የማላውቀው ሰው ቤት ውስጥ ልጠፋ ነው አልኩ። ያኔ ነው ፍርሃት ፍርሃት ያለኝ፤ ያኔ ነው ዓረብ አገር መሄድ እንደማልፈልግ የታወቀኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እውነቱን ለራሴም አልነገርኩም።

ተመልሼ ገባሁ። ወይዘሮ ራሔል ቀና አለች።

«እንደገና ልጻፍ። እዚሁ፣ ፊትዎ።»

«ሰዓቱ ሄዷል እኮ።»

«እስከ ምሳ ብለዋል። ምሳ ገና ነው።»

አየችኝ። ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ።

ስለ ጭላዳ አልጻፍኩም። ስለ አያቴ ጻፍኩ። አያቴ በዘመናቸው የጓሳ ሣር ጠባቂ ተብለው ከተመረጡት አንዱ ነበሩ። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ በተዘጋበት ጊዜ ማንም ማጭድ አያስገባም፣ ከብትም አይሰማራም። ሽማግሌዎች መክረው ሲከፍቱት አገሩ በሙሉ ይወጣና ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ ያጭዳል፤ ዝናም ሲቃረብ መልሶ ይዘጋል። ይህን ሁሉ በዚያች እንግሊዝኛዬ እየተንገዳገድኩ ጻፍኩትና ሰጠኋት።

እርሳሱ ተንቀሳቀሰ። መስመር፣ መስመር፣ አሁንም መስመር። ያልተሰመረበት ቦታ ፍለጋ ዓይኔ ተንከራተተ። መልሳ ሰጠችኝ።

«አስተካክዪ።»

«ይሄኛው ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?»

«አልነግርሽም።»

«ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ?»

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ መልሳ ሰካችና መጠበቅ ጀመረች።

እንዴት እንደተቃጠልኩ! ወንበሬ ላይ ተገላበጥኩ። የመጀመሪያውን መስመር አሥር ጊዜ አፈጠጥኩበት፤ እሱም አፈጠጠብኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ መስመር የተሰመረበትን ዐረፍተ ነገር በሙሉ እየሰረዘ ይገላገላል። እኔም ልሰርዝ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ሰርዤ የመጣሁበትን ነገር ልተወው? ይኼኔ ነው መቋሚያው ጆሮዬ ውስጥ መታ ያለው። «እ-ህ።»

መስመሩን ትቼ ከላይ ጀመርኩ። እንደ ዳዊት፣ በለሆሳስ፣ ለራሴ እየሰማሁ አነበብኩ። ሁለት ሦስት ሰዎች ዞረው ሳቁ፤ ይሳቁ። መስመሩ ጋ ስደርስ አያቴን አገኘኋቸው። አያቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ በእኔ እንግሊዝኛ ግን እስከ ዛሬ ሣር ይጠብቃሉ! ሳቄ አመለጠኝ፤ ቀጥሎ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እጄ እየቸኮለ ግሡን ኃላፊ ጊዜ አድርጌ አያቴን ወደ ዘመናቸው መለስኳቸው። ወረድ ስል የአገሩ ማጭድ ሁሉ አንድ ማጭድ ሆኖ አገኘሁት፤ አበዛሁት። ከዚያ በኋላ ጉጉት ያዘኝ። አንዳንዱን መስመር ግን ብመላለስበትም እምቢ አለኝ፤ አልዋሻችሁም።

አንደኛው መስመር ላይ ደግሞ ተናደድኩ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስህተት የለውም። ተነሥቼ ሄድኩ።

«ይሄ ትክክል ነው።»

«ሣር ይዘጋል ነው የሚለው» አለች። «ሣር እንዴት ይዘጋል? በር ነው?»

«ይዘጋል እንጂ! እኛ አገር ሣር ይዘጋል፣ ይከፈታል። አያቴ የኖሩት እሱን ሲጠብቁ ነው።» ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ ባላገሩ ምክር፣ ስለ ማጭዱ፣ ሰርቆ ያጨደ ስለሚያገኘው ነቀፋ ነገርኳት።

ወይዘሮ ራሔል ከሹራቧ ኪስ ላጲስ አወጣች። መስመሩን አጠፋችው። ወረቀቱ ላይ ምልክቱም አልቀረም።

«አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሪበት» አለችኝ። «እኔ ካላወቅኩ እንግዳውም አያውቅም።»

ከምሳ በኋላ ስም ሲጠራ የእኔ ሁለተኛ ነበር። ግር ብሎኝ ቆምኩ።

«ግማሹ ስህተትሽ አሁንም አለ» አለችኝ ለብቻዬ። «ግን አብዛኛው ሰው መስመር ሲያይ ሊል የፈለገውን ትቶ ሸሸ። ወረቀታቸው ጸዳ፤ ነገራቸው አብሮ ጠፋ። አንቺ ቆመሽ ተሟገትሽ። ለጊዜው በሙከራ ነው፤ ክፍያውም ብዙ አይደለም።»

ቤት ስደርስ እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። «ሙከራ? ሙከራ ደግሞ ሥራ ይባላል?» አለች። እውነቷን ነው። ሻንጣው በሩ ጥግ እንደተዘጋጀ ነው። ቅዳሜም እሑድም አንዴ ሻንጣውን እከፍታለሁ፣ አንዴ እዘጋለሁ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሻንጣው ላይ ተረማምደው ያልፋሉ።

ሰኞ ጠዋት ክላክሱ ጮኸ። ረጅም ክላክስ። እናቴ ሻንጣውን አንሥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ታለቅሳለች። ያለቀሰችው ልትልከኝ ይሁን ልታስቀረኝ ዛሬም አላውቅም። አባቴን አየሁ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። መታ አላደረጉም።

ወጣሁና ለሾፌሩ «አልሄድም» አልኩት። ሰደበኝ። እንደገና ክላክሱን ነፋ፤ ከዚያ ሄደ። የኋላ መቀመጫ ላይ ሻሽ ያሰሩ ሦስት ልጆች በመስኮት አዩኝ።

ገብቼ አባቴ ፊት ቆምኩ። «አባባ፣ ያን ቀን እ-ህ ያሉኝ ተሳስተሻል ማለትዎ ነው አይደል?»

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽማ እኔን ፈርተሽ ትቀሪ ነበር። ሌላ ደላላ የመጣ ዕለት እኔ የለሁም።»

«መኪናው ውስጥ ገብቼ ቢሆንስ?»

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ሌሊቱን ሙሉ አምላክን የለመንኩት እንዳትገቢ ነው» አሉ።

ይኸው ነው ታሪኬ። አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ሙከራው አልቆ ቋሚ ሆንኩ፤ አሁን አዲስ የሚገቡ አስጎብኚዎችን ጽሑፍ የማርመው እኔ ነኝ። ላጲስ ያለው እርሳስ ነው የምጠቀመው። አሰምርና እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ያገኘዋል፤ ያገኘውን ነገ አይደግመውም። አንዳንዱ ግን እንደኔው ይቃጠላል እንጂ አያገኝም፤ በማያውቀው ነገር ላይ ቁጭ ብሎ ማፍጠጥ ምን ይጠቅመዋል? ለእሱ ቲቸር ደረጀን ሆኜ እነግረዋለሁ። በቲቸር ቂም የለኝም። ያን ሁሉ ወረቀት ተሸክመው የእኔን ያስቀደሙ ሰው ናቸው፤ ቀዩም ፍቅር ነበር። የቱ ይሻላል ብትሉኝ አሁንም ልቤ አያርፍም። ስህተቱ ወረቀት ላይ ሲሆን መጠበቅ ይቻላል። ሰው ላይ ሲሆንስ?

ባለፈው ሳምንት ከሰልጣኞቼ አንዷ፣ ጎበዟ፣ አጠገቤ መጥታ «እትዬ፣ የሚመጣው ሰኞ ዓረብ አገር ልሄድ ነው» አለችኝ። እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። ጠረጴዛውን መታ ላደርግ አነሣሁት፤ አባቴ የቻሉትን እኔ አልቻልኩም። «አትሂጂ!» አልኳት፤ ለምን እንደማትሄድ ምክንያቱን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በቀይ እንደማረም አድርጌ ዘረገፍኩላት። ቆማ ሰማችኝ። እሺ እትዬ አለችኝ፤ እሺታዋ ግን እኔ የቲቸርን እርማት እንደገለበጥኩት ዓይነት መሰለኝ።

ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩላት ነው። ስልኳ ዝግ ነው። ነገ ሰኞ ነው።